ሕዝብ ቆጠራና ዘር ቆጠራ

የመሀል አገር ሰው ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል። በጉባ ወረዳ፣ በማንኩሽ አካባቢ፣ ዘሩን ሊቆጥር የተነሣ ጉሙዝ ከየት ይጀምር?

ከመዝገብ እንዳንል፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ ቢደነግግም አፈጻጸሙ እንዲቆይ ተደረገ። አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕዝብ ቆጠራውም በ1976፣ በ1987ና በ1999 ተካሂዷል። የ1987ቱ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ 460,459 ሰው አገኘ። ይሁንና ቆጠራ ድምር እንጂ ስም አያወጣም፤ አያቱን የሚፈልግ ከድምሩ ውስጥ አያገኛቸውም።

ጉሙዞች ግን የቃል መዝገብ ነበራቸው፤ የለውጥ ጋብቻ። አንዱ ጎሳ ሴት ልጅ ሰጥቶ በምትኳ ሌላ ይቀበላል። ስለዚህ ማን በማን ምትክ እንደ ተዳረች፣ የማን ዕዳ እንዳልተከፈለ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። የልጅቷ ፈቃድ ግን በዚያ መዝገብ ቦታ አልነበረውም። በባሪያ ፈንጋይ የተወሰዱትም ከሐረጉ ተቆርጠው ቀርተዋል፤ በሄዱበት ስማቸው ሳይቀር ተለውጧል።

ዛሬ በማንኩሽ የሚወለድ ሕፃን ሲመዘገብ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ይሰፍርለታል። ከአያት በላይ ያለው የሚገኘው ከሽማግሌዎች አፍ ነው። እነርሱ ሲያልፉ አብሯቸው ያልፋልና፣ ጠያቂ ካለ ዛሬውኑ ይጠይቅ።