የሐንሊ መርከብና አምሳያዎቿ



ታላቁን ነገር አሳንሶ በእንጨት፣ በብረት ወይም በፕላስቲክ መሥራት ለብዙ ሰው የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታየዋል። ይሁን እንጂ በታላላቅ ሙዚየሞች ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጠው የሚታዩት የመርከብ አምሳያዎች የታሪክ መጽሐፍን ያህል የሚያስተምሩ ናቸው። በመጽሐፍና በአምሳያ መካከል ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ይኸውም ጸሐፊ ያላወቀውን ነገር ሳያነሣ ሊያልፈው ይችላል፤ አምሳያ ሠሪ ግን ሊያልፈው አይችልም። ስለ አንዲት መርከብ የሚጽፍ ሰው ፊቷ ሾጣጣ ይሁን ደነዝ ባይናገር የሚወቅሰው አይኖርም። አምሳያ የሚሠራው ሰው ግን ፊት የሌላት መርከብ ሊሠራ አይቻለውምና ወይ ማወቅ አለበት፤ ወይም መገመት አለበት። ግምቱም አንድ ጊዜ ቀለም ተቀብቶ በመስታወት ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ተመልካቹ እንደ እውነት ይቀበለዋል።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚደርስ ጉልህ አድርጋ የምታስረዳን «ኤች ኤል ሐንሊ» የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1861 ዓ.ም. በአሜሪካ የደቡብ ግዛቶች የባርነትን ሥርዓት ለማስጠበቅ ሲሉ ከኅብረቱ መንግሥት ተገነጠሉና ጦርነት ተነሣ። የመጀመሪያው መድፍ የተተኮሰው አፕሪል 12 ቀን፣ በቻርልስተን ወደብ በሚገኘው በፎርት ሰምተር ምሽግ ላይ ነበር። የሰሜኑም መንግሥት የጦር መርከቦቹን ልኮ የደቡብን ወደቦች ዘጋ፤ ጥጥ እንዳይወጣ፣ መሣሪያም እንዳይገባ ከለከለ። ደቡቦቹ በመርከብ ብዛት ሊወዳደሩት ስላልቻሉ ከውሃ በታች ሄዶ የሚያጠቃ መሣሪያ ወደ መፈለግ አዘነበሉ።

ሆራስ ሎሰን ሐንሊ የተባለ የሕግ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ከባልደረቦቹ ጋራ በ1863 ዓ.ም. በአላባማ ግዛት በሞቢል ከተማ ይህችን መርከብ አሠራ። በኦገስት ወር በባቡር ተጭና ቻርልስተን ደረሰች። ሞተር የሚባል ነገር አልነበራትም። ሰባት ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠው አንድ ረጅም ማኑቬላ በክንዳቸው እያዞሩ በስተኋላዋ ያለውን ፕሮፔለር ያሽከረክራሉ፤ ስምንተኛው፣ ማለት አዛዡ፣ ከፊት ሆኖ ይመራል። ብርሃናቸው የሻማ ብርሃን ነው፤ ከውሃ በታች ሲሄዱ የሚተነፍሱትም ከእነርሱ ጋራ የተዘጋውን አየር ነው።

በዚያው ወር በ29ኛው ቀን መርከቢቱ በወደቡ ውስጥ ሰጥማ አምስት ሰዎች ሞቱ። ከባሕር ተጎትታ ወጣች። ኦክቶበር 15 ቀን በልምምድ ላይ ሳለች ዳግመኛ ሰጠመችና ሐንሊ ራሱ ከሰባት ሰዎች ጋራ ሞተ። እንደ ገና ተጎትታ ወጣች። ይህን ሁሉ እያወቁ ሌሎች ስምንት ሰዎች ለሦስተኛ ጊዜ ገቡባት።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1864 ዓ.ም. ምሽት፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 10 ቀን 1856 ዓ.ም.፣ በአገራችን አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ሳሉ፣ ሌተናንት ጆርጅ ዲክሰን ሰባቱን ሰዎች ይዞ ወደ ባሕር ወጣ። ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ ጨረቃዋም የደመቀች ነበረች። «ሃውሳቶኒክ» በምትባለው የሰሜን የጦር መርከብ ላይ ተረኛ የነበረው መኮንን በውሃው ላይ የሚሄድ ሳንቃ የመሰለ ነገር ሲቀርብ አየ። ወዲያውኑ የጥሪ ድምፅ ቢሰማም ጊዜው አልፎ ነበር። በሐንሊ ዘንግ ጫፍ ላይ የነበረው 135 ፓውንድ፣ ማለት 61 ኪሎ ያህል ባሩድ ፈነዳ። ሃውሳቶኒክ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች፤ ከሰዎቿም አምስቱ ሞቱ። ባሕር ሰርጓጅ መርከብ የጠላትን የጦር መርከብ ስታሰጥም በዓለም ታሪክ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሐንሊም ከዚያች ሌሊት በኋላ ወደ ወደቧ አልተመለሰችም።

እንግዲህ መርከቢቱ ከሰው ዓይን ተሰውራ 131 ዓመት ቆየች። አምሳያ ሠሪዎች ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ከሁሉ ይልቅ የተመኩት ዊልያም አሌክሳንደር የተባለ መሐንዲስ በ1902 ዓ.ም. ከትዝታው ጽፎ ባሳተመው ትረካና ንድፍ ላይ ነበር። ይህ ሰው መርከቢቱን ከሠሯት አንዱ ስለ ነበረ ቃሉ ታላቅ ክብደት ተሰጠው። ነገር ግን ወደ አርባ ዓመት የቆየ ትዝታ ነበር። መርከቢቱ ከአሮጌ የእንፋሎት ጋን የተሠራች ናት ስላለ፣ አብዛኞቹ አምሳያዎች ድብልብልና ሻካራ ሆነው ተሠሩ፤ ላሜራዎቹን ያያያዙት ሪቬቶች ጭንቅላታቸው ጎልቶ ወጣ፤ ባሩዱን የሚሸከመው ዘንግም ከፊቷ በላይ በኩል ተተከለ። በ1960ዎቹ ዓመታት በቻርልስተን ሙዚየም ደጃፍ የቆመው ባለ ሙሉ ቁመት አምሳያም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነበር።

በሌላ በኩል ኮንራድ ዋይዝ ቻፕማን የተባለ ወታደር ሠዓሊ፣ በ1863 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር መርከቢቱ በወደቡ መድረክ ላይ ተቀምጣ ሳለች በዓይኑ አይቶ ሥሏት ነበር። በእርሱ ሥዕል ላይ ቀጭንና ለስላሳ ሆና ትታያለች። ይሁን እንጂ ከሠዓሊው ዓይን ይልቅ የመሐንዲሱ ትዝታ ተደማጭ ሆኖ ኖረ።

በ1995 ዓ.ም. ደራሲው ክላይቭ ከስለር ያቋቋመው ድርጅት ጠላቂዎች መርከቢቱን ዘጠኝ ሜትር ያህል በሚጠልቅ ባሕር፣ በደለል ተቀብራ፣ ወደ ቀኝ ጎኗ 45 ዲግሪ ያህል ተጋድማ አገኟት። ኦገስት 8 ቀን 2000 ዓ.ም. በብዙ ጥንቃቄ ከባሕር ወጥታ ኖርዝ ቻርልስተን ወደሚገኘው የጥበቃ ላቦራቶሪ ተወሰደች። ጨዋማው ቅርፊት ከላይዋ ላይ ተፍቆ የብረቱ ገላ በግልጽ የታየው ግን ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

በዚያን ጊዜ ምስክሩ ራሱ ቃሉን ሰጠ። መርከቢቱ ከእንፋሎት ጋን የተቆረጠች አልነበረችም፤ ከመጀመሪያው ለዚሁ ሥራ ታስባ በብልኅ እጅ የተሠራች ነበረች። ሁለቱ ጫፎቿ ውሃውን እንዲሰነጥቁ የሾሉ ናቸው። የሪቬቶቹ ጭንቅላት ከላሜራው ጋራ ተስተካክሎ እንዲቀመጥ ተደርጎ ገላዋ ለስልሷል። ዘንጉም ከብረት የተሠራ፣ ወደ አምስት ሜትር የሚደርስ ሆኖ ከፊቷ በታች በኩል ተያይዞ ተገኘ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በዘንጉ ጫፍ ላይ የቶርፔዶው የመዳብ ቁራጭ ተጣብቆ መገኘቱ ተገለጸ። ስለዚህም ባሩዱ ሲፈነዳ በዘንጉ ላይ እንዳለና መርከቢቱም ከፍንዳታው ከስድስት ሜትር እንዳልራቀች ታወቀ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚህ ላይ እውነት ሆነ።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል የዚህችን መርከብ አምሳያ ሊሠራ የሚፈልግ ቢኖር፣ የሚሠራበትን ንድፍ ከመግዛቱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይመልከት፤ ዘንጉ ከታች መሆኑን፣ ሪቬቱ አለመጉላቱን፣ ጫፎቹም የሾሉ መሆናቸውን። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ንድፉ የመርከቢቱ ሳይሆን የትዝታው ንድፍ ነው።

መጠኑም ቢሆን የሚያስተምረው አለ። በ1 ለ35 መጠን ቢሠራ፣ 12 ሜትር የምትደርሰው መርከብ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ዘንጉም 14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የመርከቢቱ የውስጥ ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ያህል ስለ ነበረ በአምሳያው ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በዚሁ መጠን የአንድ መካከለኛ ሰው ምስል ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ይቆማል። ይህን በመጽሐፍ ለሚያነብ ሰው ቁጥር ብቻ ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነውን ምስል ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆነው ክፍል ውስጥ በእጁ ለማስገባት የሞከረ ሰው ግን፣ እነዚያ ስምንት ሰዎች ጀርባቸውን ሳያቀኑ እንዴት እንደ ተቀመጡ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

ቀለም አቀባቡ የራሱ ሥርዓት አለው። ክፍሎቹ በብርጭቆ ወረቀት ተለስልሰው፣ በሳሙና ውሃ ታጥበው ከደረቁ በኋላ ስስ የሆነ ግራጫ ቀለም ይቀባል፤ በእርሱ ላይ የብረት መልክ ያለው ጥቁር ቀለም ይደረጋል። ቀጥሎ ቡናማ የዘይት ቀለም በአኳራጅ እጅግ ቀጥኖ በየመገጣጠሚያው እንዲሰርግ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ቀለሙ በጨርቅ በተጠረገ፣ ደረቅ ሊባል በሚችል ቡሩሽ የላሜራዎቹ ጠርዝ ብቻ በቀስታ ይዳሰሳል። በዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ዝገት ማብዛት ነው። ብዙዎች መርከቢቱን በላቦራቶሪ ገንዳ ውስጥ በታየችበት መልክ ይቀቧታል። ነገር ግን በ1864 ዓ.ም. መርከቢቱ ገና ዓመት ያልሞላት አዲስ ነበረች። ቀለም እንግዲህ ዕድሜን ይናገራልና አምሳያ ሠሪው ቡሩሹን ከማንሣቱ በፊት የቱን ቀን እንደሚያሳይ መቁረጥ አለበት።

ቀኑን የሚወስነው ደግሞ አምሳያው የሚያርፍበት መሠረት ነው። ቦታውንና ሁኔታውን ጭምር የሚያሳየው እንዲህ ያለው ሥራ ዲዮራማ ይባላል። ለሐንሊ ሦስት ዓይነት መሠረት ሊታሰብ ይችላል።

የመጀመሪያው ቻፕማን እንደ ሣላት በወደቡ መድረክ ላይ የተቀመጠችበት ነው። ለዚህ ኮምፔንሳቶ፣ የእንጨት ስንጣሪና አንድ የዘበኛ ምስል ይበቃል፤ የመርከቢቱም ገላ በሙሉ ይታያል።

ሁለተኛው የጥቃቱ ሌሊት ነው። ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚጠራው ሬዚን የተባለው ፈሳሽ ለባሕሩ ይስማማል፤ ነገር ግን ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያወጣ በአንድ ጊዜ በብዛት ቢፈስ ይሰነጠቃል፣ ፕላስቲኩንም ያጣምማል፤ ስለዚህ በስስ በስሱ እየደረቀ ይደራረባል። ባሕሩ በጨረቃ ሌሊት ሰማያዊ አይደለምና ወደ ጥቁርነት የሚያደላ አረንጓዴ ይሁን። እውነቱ ከተጠበቀ ደግሞ ከውሃው በላይ የሚታዩት ሁለቱ ትንንሽ ማማዎችና ጥቂት የጀርባዋ ክፍል ብቻ ናቸው። ብዙ ወር የተደከመበት ሥራ ከውሃ በታች ተሸፍኖ ይቀራል ማለት ነው። ተመልካች እንዲያይለት ብሎ መርከቢቱን ከውሃው ከፍ የሚያደርጋት ሠሪ ግን የሃውሳቶኒክን መኮንን ይከሰዋል፤ ያን ያህል ከታየች ሳንቃ መስላ እንዴት ቀረበችው?

ሦስተኛው የባሕር ወለል ነው። ጀሶ በሰሌዳ ላይ ተለስኖ፣ ደቃቅ አሸዋና የተነፋ አፈር በኮላ ተበትኖበት፣ መርከቢቱ ወደ ቀኝ ጎኗ ትጋደማለች። እዚህ ላይ ሠሪው ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ የሰጠመችበት ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንትን ያከራክራልና። በገላዋ ላይ ታላቅ ቀዳዳ የሚከፍት ሠሪ ባልተፈረደ ነገር ላይ ፍርድ ሰጠ ማለት ነው። መርማሪዎቹ በውስጧ ሲቆፍሩ ያገኙት የስምንቱን ሰዎች ዐፅም በየሥራ ቦታቸው እንዳለ ነው፤ ወደ መውጫው ለመሽቀዳደማቸው ምልክት አልተገኘም። በዲክሰንም አጠገብ፣ በ1862 ዓ.ም. በሻይሎ ጦርነት ላይ ጥይት ያጎበጣት የወርቅ ገንዘብ ተገኘች፤ ያች ገንዘብ በኪሱ ሆና ጥይቱን ስላገደችለት ከዚያ በኋላ ከእርሱ አልተለየችም ነበር። አፕሪል 17 ቀን 2004 ዓ.ም. ስምንቱ ሰዎች ከእነርሱ በፊት በዚያችው መርከብ ከሞቱት ከሌሎቹ ባልደረቦቻቸው አጠገብ በቻርልስተን ተቀበሩ። በሦስቱ ጊዜ የሞቱት በድምሩ ሃያ አንድ ናቸው።

የተሰለፉለት መንግሥት ሰውን በባርነት ለመያዝ የቆመ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። በዚያ ጨለማ ውስጥ ማኑቬላውን ሲያዞሩ የሞቱትም ሰዎች ነበሩ፤ ይህንንም መርሳት አይገባም። ሁለቱን አንድነት የሚይዝ አጭር ጽሑፍ በመሠረቱ ፊት ቢለጠፍ፣ አምሳያው መሣሪያን ብቻ ከማድነቅ ይድናል።

አንድ ምክር ጨምረን እንሰናበታለን። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ መሠረቱን ገልብጡና ከሥሩ በእርሳስ፣ ከምን ማስረጃ እንደ ሠራችሁት፣ የትኛውን ክፍል በግምት እንደ ሞላችሁት፣ ቀኑንም ጭምር ጻፉ። የአሌክሳንደር ንድፍ ያን ሁሉ ዘመን ሰውን ያሳሳተው የሚያስታውሰውንና የሚገምተውን ለይቶ ስላልጻፈ ነው። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሠሪ የትኛውን ሪቬት ማመን፣ የትኛውንም መመርመር እንዳለበት ከዚያ ጽሑፍ ያነባል።