የቶታል ኮማንደር ፕለጊኖች አያያዝና እድሳት

ቶታል ኮማንደር በኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ለመቅዳት፣ ለማዛወርና ለማደራጀት የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። ስዊዘርላንዳዊው ክርስቲያን ጊስለር እ.ኤ.አ. በ1993 ዊንዶውስ ኮማንደር በሚል ስያሜ ያቀረበው ሲሆን፣ የአሁኑን ስያሜ ያገኘው በ2002 ነው።

ፕለጊን የተሰኙት አጋዥ ፕሮግራሞች የታመቁ ፋይሎችን ለመክፈት፣ ይዘታቸውን ለማየት፣ ዝርዝር መረጃቸውን ለማውጣትና ከሌሎች የፋይል ማከማቻዎች ጋር ለመገናኘት ያገለግላሉ። በሌሎች ባለሙያዎች የተሠሩት ፕለጊኖች ዋናው ሶፍትዌር ሲታደስ አብረው ስለማይታደሱ፣ ተጠቃሚው የእያንዳንዱን አዲስ እትም ለይቶ መጫን ይኖርበታል።

የፕለጊኖቹ ምዝገባ «ዊንሲኤምዲ» በተባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ስለሚገኝ፣ ከእድሳት በፊት የዚህን ፋይል ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ፕለጊን ተጠቃሚው የሚከፍታቸውን ፋይሎች ሁሉ መክፈትና መሰረዝ ይችላል፤ ስለዚህ ምንጩ ካልታወቀ የሒሳብ መዝገብን ጭምር ለጥፋት ሊያጋልጥ ይችላል።