የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪክና የንግድ ሥራ ትምህርት፤ ከካማሺ አንጻር ሲታይ

በአገራችን ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲጻፍም ሆነ ሲነገር፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የግድቡ ቁመት፤ የተርባይኑ ብዛትና የመሐንዲሱ ጥበብ ነው። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ግድብ ያለ ገንዘብ አይሠራም፤ የተሠራውም ያለ ሒሳብ አዋቂ አይሰነብትም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ታሪካችን የመሐንዲሶች ታሪክ የሆነውን ያህል የጸሐፊዎች፤ የሒሳብ ሠራተኞችና የአስተዳዳሪዎችም ታሪክ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ደግሞ፤ ለዚህ ሥራ በንግድ ሥራ ትምህርት በኩል መዘጋጀት ከካማሺ ለሚመጣ ወጣት ምን ጥቅም እንዳለው ነው።

ካማሺን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ካማሺ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዞኖች አንዱ ሲሆን፤ በሰሜን በኩል ከመተከል የሚለየው ዓባይ ነው። ዴዴሳም ወደ ዓባይ የሚገባው በዚሁ አገር ነው። ነዋሪው በብዛት ጉሙዝ ነው፤ ማሽላ ያርሳል፤ ማር ይቆርጣል፤ ከወንዝ አሸዋ ወርቅ ያጥባል። የጉሙዝ ሴት እንጨቱንና ውሃውን በበትር ጫፍና ጫፍ አንጠልጥላ፤ በትሩን በትከሻዋ አጋድማ ትሸከማለች። ኃይል በዚህ አገር ለብዙ ዘመን የተሸጋገረው በዚያች በትር ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለማን ተተረተ ቢባል፤ ለካማሺ ሰው ይስማማል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፤ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፤ ለቤተ መንግሥቱ ማብሪያ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1904 ዓ.ም. በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ በአዲስ አበባ ለተቋቋሙት ጥቃቅን ፋብሪካዎች ኃይል ሰጠ። ከዚያም የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ተከተለ። ከጠላት ወረራ በኋላ የጠላት ንብረት ሲያስተዳድር የነበረው ድርጅት ወደ ሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል ተለወጠ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ያህል ይዞ ሥራ ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ ተጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። መብራት ኃይል በባለሥልጣንነት ሲቋቋም የተጣለበት ግዴታ ማመንጨት ብቻ አልነበረም፤ መሸጥም ነበር። ለሚሸጥ ድርጅት ቆጣሪ የሚያነብ፤ ደረሰኝ የሚቆርጥ፤ ዕቃ የሚገዛ፤ መጋዘን የሚጠብቅ፤ የዓመቱን ትርፍና ኪሣራ የሚያወጣ ሰው ያስፈልገዋል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ሰው የሚያዘጋጀው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ የሒሳብ አያያዝና የቢሮ ሥራ ትምህርት ከከፍተኛ ትምህርት ስምንት ዓመት ቀድሟል ማለት ነው። የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅም በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተመሠረተው በ1950ዎቹ አጋማሽ፤ ቆቃ በተመረቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ሁለቱ ታሪኮች፤ ማለት የኃይሉና የንግድ ትምህርቱ፤ ጎን ለጎን አድገዋል።

ኤሌክትሪክ ከሌላ ሸቀጥ ሁሉ ይለያል። ጤፍ በጎተራ ይቀመጣል፤ ቡና በመጋዘን ይቆያል፤ ኤሌክትሪክ ግን በብዛት የሚከማችበት ጎተራ የለውም፤ በተመረተበት ቅጽበት መሸጥ አለበት። ስለዚህ ጣቢያው የሚሠራው ሁሉም ሰው መብራቱን በአንድነት ለሚያበራባት ለምሽቷ ሰዓት በሚበቃ መጠን ነው። በቀረው ሰዓት መኪናው ሥራ ቢፈታም የብድሩ ወለድ ሥራ አይፈታም። ለምሳሌ፤ አንድን ጣቢያ ለመሥራት የወጣው ብድር በዓመት 1 ሚሊዮን ብር ይከፈልበታል እንበል። ጣቢያው በዓመት 2 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሸጥ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ሸክም 50 ሳንቲም ነው፤ 5 ሚሊዮን ቢሸጥ ግን 20 ሳንቲም ይሆናል። ግድቡ ያው ነው፤ ውሃውም ያው ነው፤ የተለየው ቀን ቀን የሚገዛ ደንበኛ መገኘቱ ነው። ይህን ደንበኛ መፈለግ የንግድ ሰው ሥራ ነው።

ይህን ነገር ለዓለም ካስተማሩት አንዱ መሐንዲስ አልነበረም። የለንደን ተወላጅ ሳሙኤል ኢንሱል በአሥራ አራት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቢሮ ጸሐፊነትና በአጭር ጽሕፈት ያደገ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የቶማስ ኤዲሰን የግል ጸሐፊ ሆነ፤ በ1892 የቺካጎ ኤዲሰን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ተባለ። በ1894 ወደ እንግሊዝ አገር በሄደ ጊዜ፤ በብራይተን ከተማ አርተር ራይት የሚሠራበትን የሒሳብ ስልት አየ። ስልቱ ደንበኛው የተጠቀመበትን መጠን ብቻ ሳይሆን፤ በአንድ ጊዜ የሚፈልገውን ከፍተኛ ኃይልም ቆጥሮ የሚያስከፍል ነው። ኢንሱል ይህን ይዞ ለትራሙም ለፋብሪካውም በርካሽ እየሸጠ ድርጅቱን እጅግ አሳደገው። ይሁን እንጂ ኩባንያ በኩባንያ ላይ በብድር እየደረበ የሠራው ግንብ በ1932 ፈረሰ፤ የብዙ ሰው ቁጠባም አብሮ ጠፋ። ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ትምህርት እናገኛለን፤ ሒሳብ ኃይልን ያስፋፋል፤ ቁጥጥር የሌለው ሒሳብ ግን ያፈርሳል።

አሁን ወደ ዓባይ እንመለስ። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋራ ሆኖ የዓባይን ሸለቆ አጠና፤ ለትልልቅ ግድቦች የሚሆኑ አራት ቦታዎችንም አመለከተ። እነርሱም ካራዶቢ፤ ማቢል፤ መንዳያና «ድንበር» የተባሉት ናቸው። መንዳያ የሚገኘው ዴዴሳ ከዓባይ ከተገናኘበት ዝቅ ብሎ ነው። ወረቀቱ ተጽፎ አለቀ፤ ሥራው ግን ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ፤ ከምክንያቶቹም ዋነኛው ገንዘብ ነበረ።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፤ ሥራው ወደ 80 ቢሊዮን ብር ይፈጃል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ሕዝቡ ቦንድ ገዛ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ ሰጠ። የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተሰጥቶ ብዙ ከዘገየ በኋላ፤ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከእጁ ወጥቶ ለውጭ ኩባንያዎች ተላለፈ። የዘገየው ዓባይ እንቢ ብሎ አይደለም፤ ውል አሰጣጡና የውል ክትትሉ ስለ ላላ ነው። የመጀመሪያው ኃይል የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገኘ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 13 ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ይህም የቆቃን 119 እጥፍ ያህል ነው።

በዚሁ ዘመን የኃይሉ ዋጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ተሻሻለ። ለግንባታ የተወሰደው ብድር ግን ስለ በዛ፤ በ2013 ዓ.ም. የመንግሥት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። «ተቀምጠው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» እንዲሉ ነው። በሌላ በኩል ለጂቡቲ፤ ለሱዳንና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለኬንያ ኃይል መሸጥ ተችሏል። ይህ ሁሉ በውል የሚሠራ ነው፤ ዋጋው በምን ገንዘብ ይከፈላል፤ መስመሩ ቢቋረጥ ኪሣራው በማን ላይ ይወድቃል፤ ከፋዩ ቢዘገይ ምን ይደረጋል የሚለውን የሚመልስ የተማረ ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ ካማሺ ከዚህ ውስጥ የት አለች? የግድቡ ውሃ ሲተኛ ከሸሸጋቸው የወንዝ ዳር መሬቶች መካከል የሲርባ ዓባይ ወረዳ መሬት ይገኝበታል። ለዘመናት በዳሩ ያረሱና ዓሣ ያጠመዱ ሰዎች ወደ ሌላ ስፍራ ሄደዋል። የካሣ አከፋፈል፤ የመሬት ልኬት፤ የአዲሱ ሐይቅ የዓሣ ንግድ፤ እነዚህ ሁሉ የሒሳብና የውል ጉዳዮች ናቸው። ባለጉዳዩ ሰነዱን አንብቦ የሚያስረዳው ወገን ከሌለው፤ ሌላ የጻፈለትን ከመፈረም በቀር ምርጫ የለውም። በዚህም ላይ ከ2011 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በዞኑ በደረሰው ግጭት ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ ትምህርትም ተጓጉሏል። በዚያን ጊዜ ከክፍል የወጣ ልጅ ዛሬ የሥራ ዕድሜው ደርሷል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን፤ «ለኃይል ሥራ ምህንድስና ነው የሚያስፈልገው፤ የንግድ ትምህርት የከተማ ሰው ነገር ነው» ይላሉ። አሳባቸውን አንንቅም፤ መሐንዲስ የማያስፈልግበት ቀን አይመጣም። ነገር ግን ግድቡ ከተሠራ በኋላ የሚሠራው ሥራ ይበልጥ ረጅም ነው። መሐንዲሱ በአሥራ አራት ዓመት ያቆመውን፤ የሒሳብ ሠራተኛው መቶ ዓመት ይጠብቀዋል። ደግሞም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ እስከ ቅርብ ጊዜ ከመስመሩ ውጭ ነበረ። እርሱን ለመድረስ መስመር የት ቢዘረጋ፤ የፀሐይ ኃይል የት ቢተከል ይሻላል የሚለውን የሚወስነው፤ ወጪና ገቢን አመዛዝኖ ነው።

ስለዚህ በንግድ ሥራ ትምህርት ክፍል ላለን ተማሪዎች ሦስት ነገር ተገቢ ይመስለናል። አንደኛ፤ ከሒሳብ አያያዝ ጋራ የኤሌክትሪክን ጠባይ፤ ማለት የኪሎ ዋትንና የኪሎ ዋት ሰዓትን ልዩነት ያህል እንኳ፤ ጠንቅቀን እንማር። ሁለተኛ፤ የውል ሕግንና የኦዲትን ሥራ እንደ ትርፍ ትምህርት አንቁጠረው። ሦስተኛ፤ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከሕዝቡ ኑሮ እንውሰድ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተመሠረተው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለካማሺ ልጅ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርበዋል፤ የጉሙዝኛ ቋንቋ የሚያውቅ የሒሳብ ተማሪ በሲርባ ዓባይ ሊሠራው የሚችለውን ጥናት፤ ሌላው ያለ አስተርጓሚ አይሠራውም።

ዓባይ በካማሺ በኩል ሲያልፍ የኖረው ያለ ደረሰኝ ነው። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ጠብታ በቆጣሪ ያልፋል። በቆጣሪው አጠገብ መዝገቡን ይዘው ከሚቀመጡት መካከል የወንዙ ዳር ልጆች እንዲገኙ ማድረግ፤ ለመምህሮቻችንም ለእኛም የተተወ ሥራ ነው።