ያየ ምስክርና የገመተ ምስክር

በአሜሪካ የስፖርት መታሰቢያ ዕቃ ገበያ ፊርማ ያረፈበት ኳስ ብቻውን አይሸጥም፤ እውነተኛነቱን የሚመሰክር ወረቀት አብሮት ይሄዳል። ብዙ ገዢ ኳሱን ከመመርመር ይልቅ ወረቀቱን መጠየቅ ይቀናዋል፤ ወረቀት ያለው ይወደዳል፣ የሌለው ይረክሳል። የገበያው የቅርብ ዘመን ታሪክ ሲመረመር ግን ወረቀት ሁሉ እኩል እንዳልሆነ ይታያል። አንዱን የሚጽፈው ነገሩ ሲሆን በቦታው ቆሞ ያየ ሰው ነው፤ ሌላውን የሚጽፈው ከዓመታት በኋላ ዕቃውን አገላብጦ የገመተ ሰው ነው። ገበያው ሁለቱን በአንድ ስም እየጠራ በአንድ ሚዛን መመዘኑ ለደረሰበት ኪሳራ ትልቁ ምክንያት ይመስለኛል።

በ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊርማ ፈላጊው በዛ፤ ተጫዋቾቹ ግን የቱንም ያህል ቢፈርሙ ፍላጎቱን ማርካት አልቻሉም። ክፍተቱን አጭበርባሪዎች ሞሉት። የሳንዲያጎ ፓድሬስ የቤዝቦል ክለብ ኮከብ ቶኒ ግዊን በራሱ ክለብ መደብር ውስጥ ሳይቀር እሱ ያልፈረመባቸው ዕቃዎች በስሙ ሲሸጡ አይቶ ጥርጣሬውን አሳወቀ። ኤፍ.ቢ.አይ. “ኦፕሬሽን ቡልፔን” ባለው ምርመራ በ1999 በበርካታ ግዛቶች ፍተሻ ሲያካሂድ 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ፎርጅድ ዕቃ ያዘ፤ የአጭበርባሪዎቹ መረብ በጠቅላላው እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕቃ ሳይሸጥ እንዳልቀረም ተገምቷል። ከተያዙት መካከል እማሆይ ቴሬዛ ፈርመውባቸዋል የተባሉ የቤዝቦል ኳሶች ይገኙበታል። ለነገራችን ዋናው ቁም ነገር ግን ለእነዚህ ዕቃዎች ወረቀት አለመጥፋቱ ነው። አንዳንዱን አጭበርባሪዎቹ ራሳቸው ያሳትሙት ነበር፤ ሌላውን ደግሞ እየተከፈላቸው የሚያረጋግጡ “ባለሙያዎች” ይሰጡ ነበር። የማረጋገጫው ሥራ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ክፍያው የሚመጣው ዕቃው እውነተኛ እንዲባል ከሚፈልገው ወገን ነው።

“ይህ የሌቦች ታሪክ ነው፤ ስም ያለው ገለልተኛ ድርጅት ሲመረምር እንዲህ አይሆንም” የሚል ሰው ይኖራል። ለእሱ መልስ የሚሆነው የጥንቱ ቤዝቦል ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ካርዱ ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይወጣ ከነበረው ተከታታይ ካርድ አንዱ ሲሆን፣ እጅግ ጥቂት በመሆኑ የሰብሳቢዎች ሁሉ ምኞት ነው። አንዱን ቅጂ የአይስ ሆኪው ዌይን ግሬትዝኪና ሸሪኩ ብሩስ ማክናል በ1991 በሶዝቢስ ጨረታ በ451,000 ዶላር ገዙት። በዚያው ዓመት ሥራ የጀመረው ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ካርድ መርማሪ ድርጅት ከ10 ነጥብ 8 ሰጠው፤ በድርጅቱ መዝገብ ላይም የመጀመሪያውን ቁጥር ያገኘ እሱ ሆነ። በ2007 ዋጋው 2.8 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2013 ግን ካርዱን ቀደም ሲል ገዝቶ የሸጠው ታዋቂው ነጋዴ ቢል ማስትሮ፣ ጠርዙን እንደከረከመው በፍርድ ቤት አመነ። የተከረከመ ካርድ እንዲህ ያለ ነጥብ ሊያገኝ አይገባም ነበር። ካርዱ ራሱ ፎርጅድ አልነበረም፤ ስለ ይዞታው የተሰጠው ምስክርነት ግን ስህተት ነበር። መርማሪው ካርዱ በሰዎች እጅ ሲያልፍ የሆነውን አላየም፤ ያየው የመጨረሻ መልኩን ብቻ ነው።

ከቡልፔን ቅሌት ትምህርት የወሰደው የሜጀር ሊግ ቤዝቦል አስተዳደር በ2001 የጀመረው አሠራር መንገዱ ሌላ ነው። በየጨዋታው በሥራ ላይ ያሉ ወይም ጡረታ የወጡ የሕግ አስከባሪዎች ሜዳው ዳር ይቀመጣሉ። ኳሱ ወይም ዱላው ከጨዋታ ሲወጣ እያዩ ይረከቡትና ቁጥር ያለው፣ ሊላጥ ሲሞከር የሚበላሽ ሆሎግራም ይለጥፉበታል፤ ዝርዝሩም በሊጉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የአሠራሩ ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚታየው እምቢ ሲል ነው። ተመልካች መሃል የገባ ኳስ ለአፍታ እንኳ ከዓይናቸው ከጠፋ፣ አስቀድሞ የተለየ ምልክት ካልተደረገበት በቀር አያረጋግጡለትም። ከዚህ አሠራር በፊት፣ በ1998 የቤዝቦል ተጫዋቹ ማርክ ማግዋየር የሆምረን (ኳስን ከሜዳ ውጭ የመምታት) ክብረ ወሰን ሲያሳድድ የሚወረወሩለት ኳሶች በስውር ምልክት ይደረግባቸው የነበረውም ለዚህ ነው፤ 70ኛውን ሆምረን የመታበት ኳስ በ3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሸጥ ገዢው በያዘው ሰው ቃል ብቻ መተማመን አላስፈለገውም።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ስለ ጥንቱ ዘመን የሚነሳው ነው። የቤዝቦሉ ኮከብ ቤብ ሩት በ1948 ሞቷል፤ ሲፈርም ያየ ምስክር ከየት ይመጣል? እውነት ነው፤ ለአሮጌ ዕቃ የባለሙያ ግምት ከምንም ይሻላል። ግምቱ ግን ምክንያቱን ዘርዝሮ ሌላው ሰው እንዲፈትሸው ማድረግ ይችላል። ዲዬጎ ማራዶና በ1986 እንግሊዝ ላይ በእጁ ጎል ያስቆጠረበት ማሊያ በ2022 ለጨረታ ሲቀርብ፣ ቤተሰቦቹ ማሊያው ጎሉ ሲቆጠር ሳይሆን በመጀመሪያው አጋማሽ የለበሰው ነው ብለው ተከራከሩ። የማሊያው ዓርማ፣ መስመሮችና ቁጥሮች በዕለቱ ከተነሱ ፎቶዎች ጋር በዝርዝር ተመሳከሩ፤ ማሊያው በ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። እዚህ ላይ በቦታው የነበረው ዓይን ካሜራው ነው፤ ተጠራጣሪም ፎቶና ማሊያ አስተያይቶ የራሱን ፍርድ መስጠት ይችላል።

ሌላው መከራከሪያ “ገበያው ራሱ ፈርዷል፤ ወረቀት ያለው ዕቃ በውድ ይሸጣል” የሚለው ነው። ዋጋ ግን የሚለካው የገዢውን እምነት እንጂ የዕቃውን እውነት አይደለም፤ የዋግነር ካርድ ከ1991 እስከ 2007 ዋጋው ሲጨምር የተከረከመው ጠርዝ አብሮት ነበር። እንግዲህ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ወረቀት መኖሩን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊው ምን እንዳየ፣ ዕቃው እስከዚያ በማን እጅ እንደነበረና ማን እንደከፈለው ነው። ለእነዚህ መልስ ያለው ወረቀት ማስረጃ ነው፤ የሌለው ግን ቢበዛ የባለሙያ ግምት ስለሆነ፣ ሊከፈልለት የሚገባውም የግምት ዋጋ ነው።