ፊርማው የማን ነው? የመንግሥት መሐንዲስና የሙያ ፈቃድ በኢትዮጵያ



መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ ከዚህ አዳራሽ ብዙ በማይርቀው ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የምንለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ በግርጌው የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ዛሬ የማነሣው ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም፤ የታሪክ ጥያቄ ስላለኝ ነው። ያ ክምር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሲያድግ «ተዳፋቱ ከዚህ በላይ አይሸከምም» ብሎ በራሱ ስም መፈረም የነበረበት ማን ነበር?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መሄድ ይገባል። በሀገራችን መሐንዲስ ወደ መንግሥት የገባው በሙያ ማኅበር በር ሳይሆን በቤተ መንግሥት በር ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ መጥቶ ምኒልክን አገለገለ፤ ለቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውኃ አስገባ፣ በባቡር ሐዲዱ ጉዳይ ደከመ፤ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። ድልድይ ሠሪው ዲፕሎማት የሆነው በንጉሡ አመኔታ ነው። የሥራው ዋስትናም ያው አመኔታ ነበር።

በ1943 ዓ.ም. አመኔታው ወደ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ከዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር የመንገድ ብድር ተገኘ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራውን የመሩት ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። በ1945 ዓ.ም. የምሕንድስና ኮሌጅ ሲከፈት ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹን የሚጠብቃቸው መንግሥት ነበር። በደርግ ዘመንማ ምደባው ራሱ የመንግሥት ሆነ። እንዲህ እያለ «መሐንዲስ» የደመወዝ እርከን ያለው የሥራ መደብ መጠሪያ ሆነ። መደቡን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ የሚነሣውም እርሱ ነው።

ሕጉ ግን ሌላ ነገር አስቦ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በሕንፃ ሥራም ተቋራጩን ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ይህ አንቀጽ ከዘመኑ ቀድሞ የሄደ ነው። «የሙያው ደንብ» ሲል ደንቡን የሚጽፍና የሚያስከብር ራሱን የቻለ የሙያ አካል እንዳለ ይገምታል። ተቋራጩ 10 ዓመት ሲጠየቅ፣ ሥራውን ያጸደቀው የመንግሥት መሐንዲስ በዚያ ጊዜ ሦስት ቦታ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ክፍተቱን በከፊል ሞላ። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ዲዛይናቸው በተመዘገበ ባለሙያ እንዲሠራ ጠየቀ። ነገር ግን ፕላኑን የሚመረምረውን «የሕንፃ ሹም» ይለዋል፤ ሹም የሚለው ቃል ሥልጣኑ ከየት እንደሚመነጭ ይነግረናል። ደግሞም አዋጁ ስለ ሕንፃ ነው። ክምር ሕንፃ አይደለም። የቆሼ ተዳፋት የአፈር መካኒክስ ተማሪ የሚያሰላው ነገር ሆኖ ሳለ፣ አዋጁ ከሚጠይቀው ፊርማ ውጭ ነበር።

ፈቃድ የግል አማካሪዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። የሌላውን ዓለም ታሪክ ስናይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የመሐንዲሶች ፈቃድ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1907 በዋዮሚንግ የወጣው የግዛቲቱ መሐንዲስ የነበረው ክላረንስ ጆንስተን በመቸገሩ ነው፤ ለውኃ መብት የሚቀርቡለትን ካርታዎች ሙያው የሌላቸው ሰዎች ጭምር ያዘጋጁ ነበር። ፈቃዱን የፈለገው የመንግሥት ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

በእርግጥ ወረቀቱ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። «ፈቃድ ማከራየት» የሚባለውን እዚህ የተቀመጣችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ሆኖም ለመንግሥት መሐንዲስ ፈቃድ አንድ የማይተካ ጥቅም አለው፤ አለቃው «ፈርም» ሲለው «ፈቃዴን የሚነጥቅ ሌላ አካል አለ» ብሎ እንቢ ለማለት ያስችለዋል። ዛሬ እንቢ የሚል ወጣት የሚያጣው መደቡን ነው፤ የሚያስጥለውም የለም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሳለ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ «መምህር፣ ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ?» አለኝ። «በሕግ የመሥሪያ ቤቱ፣ በሙያ ያንተ» ብዬ መለስኩለት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ መልሴ እኔንም አላረካኝም። እናንተስ ምን ትሉት ነበር? መድረኩ ለእናንተ ክፍት ነው።