ኑዛዜ ያወቀው፣ ትውልድ ቆጠራ የረሳው

በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ አገሮች ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ሲፈልጉ መጀመሪያ ከሚያንኳኳቸው በሮች አንዱ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። የሟች ኑዛዜ በሹም ፊት ጸድቆ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ ስለነበር፣ የልጅ ልጅ ከመቶ ዓመት በኋላ የአያቱን ቃል ማንበብ ይችላል። እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ እንዲህ ያለውን መዝገብ ቤትም አልወረስንም። ታዲያ ሥሩ ከመካነ ሰላም፣ ከወግዲ ወይም ከአማራ ሳይንት የሚመዘዝ አዲስ አበቤ ቅድመ አያቱን ከወዴት ይፈልግ?

«ከሽማግሌ» የሚለው መልስ ፈጥኖ ይመጣል። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ትውልድ መቁጠር በደጋው ወሎ ለጋብቻ ብቻ ሳይሆን ለርስትም ነበር። ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ ቆጠራው የታሪክ መዝገብ ከመሆኑ በፊት የሙግት ማስረጃ ነበር፤ መሬት የሚያስገኘው ስም ይነሣል፣ የማያስገኘው ይረሳል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ ደግሞ ሙግቱም ቀረ፣ ቆጣሪውም ተመናመነ።

ኑዛዜ ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ራሱ ሁለት ፍች አለው፤ ኃጢአትን ለነፍስ አባት መናገርም፣ ንብረትን ለወራሽ መናገርም ኑዛዜ ይባላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ በአንድ አልጋ አጠገብ፣ በአንድ ቄስ ፊት ይፈጸሙ ነበር። ሰው በዚያ ሰዓት የሚናገረው በርስት ሙግት ላይ ከሚናገረው ይለያል።

እነዚህ ጽሑፎች በአብዛኛው በተለየ መዝገብ አልተቀመጡም። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ፣ ከመሬት ሽያጭና ከጉልት ስጦታ ጋር ተጽፈው ይገኛሉ። ዶናልድ ክራሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጎንደር ዘመንን የመሬት ሥሪት የመረመረው በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ነው። የሚያስቆጨው፣ ቅኝ ሳንገዛ ከማስረጃችን ከፊሉ በገዢዎች መዝገብ ቤት መግባቱ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፋቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገቡ፤ ከጎንደር አድባራት የተሰበሰቡት ኅዳጋቸውን ይዘው ነው የሄዱት። መቅደላ ደግሞ ዛሬ ደቡብ ወሎ ነው።

ጽሑፉ ሲገኝ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ዘመኑ ነው። ብዙውን ጊዜ የንጉሡ ስምና ወንጌላዊው ብቻ ይጠቀሳሉ። «በዘመነ ሉቃስ፣ በዐፄ ምኒልክ» የሚል ቢገጥመን በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለአራት ስናካፍል ሦስት የሚተርፈው ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ስለዚህ 1883፣ 1887፣ 1891፣ 1895፣ 1899 እና 1903 ዓ.ም. ይቀርቡልናል። ከስድስቱ የሚለዩልን ምስክሮቹ ናቸው። የዚያን ጊዜው ቀኛዝማች ማን ነበር? የደብሩ አለቃስ? ምስክር የወራሹን ያህል ይጠቅማል።

በእስላሙ ቤት መንገዱ ይለያል። በሸሪዓ ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም፤ ድርሻ ላለው ወራሽም፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ፣ አይጸናም። ስለዚህ ሐረጉን የሚያሳየው ከኑዛዜው ይልቅ በቃዲ ፊት የተደረገው የውርስ ክፍፍል ነው፤ ሴት ልጅም ድርሻዋ የተወሰነ በመሆኑ በስሟ ትገኛለች።

የወሎ ሰው ሁለቱንም መንገድ ሊፈልግ ይገባዋል። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ስም ተለውጧል። መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ። ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. አልጋቸውን የተናዘዙለት ልጅ ኢያሱ የእኚሁ ሰው ልጅ ነው፤ በእናቱ የምኒልክ፣ በአባቱ የኢማም አሊ የልጅ ልጅ። የንጉሠ ነገሥቱ ኑዛዜ እንኳ ሁለቱን ሃይማኖት በአንድ ሐረግ ካገናኘ፣ የተራው ገበሬ ምን ይሆን? መካነ ሰላም ዋና ከተማው የሆነችለት ወረዳ ቦረና ይባላል፤ ስሙ ኦሮምኛ፣ የሕዝቡ አፍ አማርኛ ነው። መታወቂያ ላይ ብሔር በአንዲት ቃል ሲሞላ የኖረው ለዚህ ሁሉ ሰው ነው። ዛሬ ስለ ዘር ጥራት የሚጮሁት ወገኖች፣ ከየትኛውም ጎራ ቢሆኑ፣ አንድ የወሎ ኑዛዜ እስከ መጨረሻው አንብበው እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

እኔ ያነበብሁት አንዱ በቦረና ከአንድ ዘመዴ ሣጥን የወጣ ነው። የላሙ፣ የበሬው፣ የተዝካሩ ነገር ካለቀ በኋላ ሟቹ አንዲት ሴት ከነልጆችዋ ሐራ እንድትወጣ፣ የምትኖርበት ጎጆም እንዳይነካባት ይናዘዛሉ፤ ይህን ያፈረሰ ውጉዝ ይሁን ይላሉ። የባሪያ ንግድና ባርነት ቀስ በቀስ እንዲቀር የታወጀው በ1916 ዓ.ም.፣ ጨርሶ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢ ያስታውስ፤ ወረቀቱ ከሁለቱም ይቀድማል። ሰባት ቤት ስቆጥር ባደግሁበት ቆጠራ ውስጥ ግን ሴትዮዋም ልጆችዋም የሉም።

የልጆችዋ አባት ማን እንደነበር ዘመዴን ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «እሱን ተወው ልጄ፤ ወረቀቱ ዝም ካለ እኔ ምን አግብቶኝ?» አሉኝ። ወረቀቱን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ሣጥኑ ሲመልሱ ግን፣ የዚያች ሴት ወገኖች እስከ ዛሬ ከወንዙ ማዶ እንደሚኖሩና በለቅሶ ጊዜ ከቤተሰቡ ጋር እንደሚቀመጡ ነገሩኝ።