ስም በካርታ ላይ

የዕርዳታ ዱቄት የመጣባቸውን ጆንያዎች ቀድደንና ሰፍተን፥ በትምህርት ዳሳችን ውስጥ የአገራችንን ካርታ በከሰል ነደፍን። ድንበሩና ወንዙ ብዙም አላስቸገረንም። ክርክሩ የተነሣው ስም መጻፍ ስንጀምር ነው። አንዲት ተማሪ የመንደሯን ነጥብ ከወንዙ ማዶ አስቀመጠች፤ ለስሙ ግን ቦታ ስላጠራት ወንዙን አሻግራ በወዲህኛው ዳር ጻፈችው። ሊያዩ የመጡ የዚያው መንደር አባት ጥቂት ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ነጥቡ ማዶ ነው፤ ስሙ ወዲህ ነው። ታዲያ እኛ የየትኛው ዳር ሰዎች ነን?» አሏት።

ለጊዜው ሳቅን። ኋላ ስናስበው ግን ጥያቄው ካርታ ሠሪዎችን ለብዙ መቶ ዓመታት ያደከመ ጥያቄ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ካርታን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ መንደፍ ተምረናል፤ ስሙ በምን ፊደልና በየት በኩል እንደሚጻፍ ግን እምብዛም አልተነገረንም። ስለዚህ ኋላ የደረስንበትን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን የአውሮፓ ካርታ የሚቀረጸው በመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር። ሲታተም እንዲቃና፥ ቀራጩ እያንዳንዱን ፊደል ገልብጦ ይቀርጸዋል። ቦታው ጠባብ ስለሆነም ፊደሉ ቀጭንና ጥርት ያለ መሆን ነበረበት። በዓለም ካርታው የታወቀው ጌራርዱስ መርካቶር በ1540 በሉቫን ከተማ ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ያስተምራል፤ ዘመም ያለው የላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ፥ ብዕሩ እንዴት እንደሚቀረጽና እንደሚያዝ ያሳያል። እያደርም አንድ ልማድ ጸና፤ የከተማ ስም ቀጥ ባለ ፊደል፥ የባሕርና የወንዝ ስም በዘመመ ፊደል ይጻፍ ጀመር። በዚህም አንባቢው ስሙን ከማንበቡ በፊት ውሃ ይሁን የብስ ከቅርጹ ይለያል።

የአቀማመጡን ደንብ አጥርቶ ያስረዳው ኤድዋርድ ኢምሆፍ የተባለው የስዊስ ካርታ ሠሪና መምህር ነው። በ1962 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፥ ለአንድ ነጥብ ከሁሉ የሚሻለው የስም ቦታ ከነጥቡ በስተቀኝ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። የሰፊ አገር ስም በአገሩ ላይ ይዘረጋል፤ የወንዝ ስም የወንዙን አካሄድ ይከተላል። በወንዝ አንድ ዳር ያለች ከተማ ስሟም በዚያው ዳር ይጻፋል። አባታችን ኢምሆፍን አላነበቡም፤ ደንቡን ግን ያውቁታል።

እኛ ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለብን። የላቲን ጸሐፊ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እያፈራረቀ ሰፊውን አገር ከመንደር ይለያል። የእኛ ፊደል ግን እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። ስለዚህ በቁመቱ፥ በውፍረቱና በፊደላቱ መካከል በምንተወው ርቀት መለየት ይኖርብናል። ልጆቹ እያንዳንዳቸው የመንደራቸውን ስም በትልቁ ሲጽፉ፥ ትልልቆቹ ወንዞች ስም መጻፊያ ያጡት ይህን ልብ ስላላልን ነው።

ስም ቦታውን ሲስት የሚሆነውን የአገራችን ታሪክ ያሳየናል። ኦርቴሊየስ በ1573 ያሳተመው የሐበሻ ነገሥታት ግዛት ካርታ፥ በሰሜኑ ደጋ የሚገኙትን የአውራጃዎቻችንን ስሞች እስከ ምድር ወገብና ከዚያም አልፎ ወደ ደቡብ በትኗቸው ነበር። ስሞቹ የእውነት ናቸው፤ የተጻፉበት ስፍራ ግን የእነርሱ አልነበረም። ያየው ሁሉ ግን የታተመ ነውና አመነው።

ይህን ካቃኑት አንዱ እንደ እኛው ከአገሩ የራቀ ሰው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአማራ አገር ካህን ሮም ሳሉ በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ጀርመናዊ ምሁር ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጽሐፍ የተማረ ነበርና መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነው። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ከተማው ጠራቸው፤ በዚያም ስለ አገራቸው የሚያውቁትን ለሉዶልፍ ነገሩት። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፥ በ1683፥ በሉዶልፍ ልጅ በክርስቲያን እጅ የተነሣው የሐበሻ ካርታ ታተመ። በአገራችን የኖሩት ኢየሱሳውያን ካህናት ባዘጋጁትና በ1660 በታተመው ካርታ ላይ ተመሥርቶ፥ አባ ጎርጎርዮስ በነገሩት የታረመ ነበር። እርሳቸው አገራቸውን ዳግም አላዩም። የአገራቸው ስሞች ግን በጊዜው ስለ ተነገሩ ወደ ስፍራቸው ተመለሱ።

ይህን የጻፍነው ታሪክ ለማውሳት ብቻ አይደለም። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የተወለዱት በዚሁ መጠለያ ነው። መንደራቸውን በዓይናቸው አላዩትም፤ የሚያውቁት በስሙ ነው። ስሙ ደግሞ ስፍራውን ከሳተ በእጃቸው ምን ይቀራል? ስፍራውን በእግራቸው የሚያውቁት ሽማግሎቻችንም ከዓመት ዓመት ቁጥራቸው እያነሰ ነው።

ስለዚህ ወገኖቻችን፥ ወደ ዳሱ ብቅ በሉ። የመንደራችሁን ስም ብቻ አትንገሩን፤ ከየትኛው ወንዝ በየት በኩል እንደሆነ፥ ከገበያው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፥ ጎረቤቱ ማን እንደሚባል ጨምሩልን። እኛ ከሰሉን ይዘን እንጠብቃለን። ያች ተማሪም የጻፈችውን በጨርቅ አጥፍታ፥ ፊደሉን አሳንሳ፥ የመንደሯን ስም ከወንዙ ማዶ ጽፋዋለች። አባታችንም መጥተው አይተው፥ «አሁን ገባን» ብለዋል።